ጸጉር አስተካካዩ የላጨው አበባ

የእህቴ ባል ጸጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ውሃ ልክ» ይለዋል፤ ግንበኞች ግድግዳ መቃናቱን የሚያዩባትን፣ ሆዷ ውስጥ አረፋ የምትዋኝባትን መሣሪያ ማለታቸው ነው። ሲያንሰው ነው! ደንበኛውን አስተካክሎ ከጨረሰ በኋላ ወደ ኋላ ፈንጠር ይልና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን አዘንብሎ፣ «ትንሽ ቀርታለች» ይላል። ያቺ ትንሽ ደግሞ አልቃ አታውቅም። ከግራ ሲያነሳ ቀኙ ይረዝማል፣ ከቀኝ ሲያነሳ ግራው። ለሠርጉ ሊያምር ገብቶ ራሰ በራ ሆኖ የወጣ ሙሽራ አለ ይባላል። እኔ በዓይኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

ቤቱም ያው ነው። የተሰቀለ ፎቶ ሁሉ በእሱ እጅ ተቃንቷል፤ መጋረጃው ከወለሉ እኩል ይርቃል። እህቴ ዳቦ ቆርጣ ስታቀርብ እሱ ከጎን ቢላዋ ይዞ ጠርዝ ጠርዙን ያስተካክላል፤ ያስተካከለውንም ይበላዋል። «ይሄ ሰውዬ እኔንም አንድ ቀን ከጫፌ ሳያነሳ አይቀርም» ትላለች እህቴ።

እህቴን እትዬ ነው የምላት፣ እሱን ደግሞ ጋሼ። እትዬ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ዋና ምግብ አብሳይ ነበረች። ጨው ቀምሳ አታውቅም፤ ድስቱን ከፍታ በአፍንጫዋ ትጨርሰዋለች። ስለዚያ አፍንጫ ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ጋሼ ማታ ወደ ቤት ሲገባ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ፣

«ዛሬ ያንን ሲጋራ የሚያጨስ መምህር ላጭተኸዋል» ትለዋለች።

«አዎ።»

«ከእሱ በኋላ ደግሞ አንድ ዓሣ ነጋዴ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሱቄ ውስጥ ሰላይ አስቀምጠሻል እንዴ?»

«አፍንጫዬን አስቀምጫለሁ።»

እንዲህ ነበር የሚጫወቱት። ትዳራቸው በዚያ አፍንጫ ላይ የቆመ ይመስለኝ ነበር፤ ብዙም አልተሳሳትኩም።

አንድ ክረምት እትዬን ጉንፋን ጣላት። ትኩሳቱ ሄደ፣ ሳሉ ሄደ፤ ጉንፋኑ ሲሄድ ግን ማሽተቷን ይዞባት ሄደ። መጀመሪያ ያወቀችው ፊቷን ስትታጠብ ነው፤ ሳሙናው ድንጋይ ሆነባት። ያልፋል ብላ ለማንም ሳትናገር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ አንድ ቀን ትልቁ ድስት ላይ ሽንኩርት እያማሰለች ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ፣ ሽንኩርቱ ከሥሩ ያዘ፣ ከሰለ፣ ጭሱ እስከ መመገቢያው አዳራሽ ደረሰ። ሰው እየጮኸ ሲገባ እሷ ማማሰያዋን እንደያዘች ነበር። ሥራ አስኪያጇ ክፉ ሴት አይደለችም። «እስኪሻልሽ ድረስ ትኬት ቁረጪ» ብላ ከምድጃው አንስታ ከትንሽ መስኮት ጀርባ አስቀመጠቻት። ሰው ምግቡን ይዞ ሲያልፍ እትዬ ሳህኑን በዓይኗ ትከተለዋለች። እሷ ራሷ የምትበላው ሁሉ ካርቶን ካርቶን ይላት ነበር።

ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ፣ «አፍንጫሽን እንደ ሕፃን ልጅ አለማምጂው» አለቻት። «ጠዋትና ማታ ሽታቸው ጠንካራ የሆኑ ነገሮችን አሽትቺ፤ እንዴት ይሸቱ እንደነበርም አስቢ። የሚመለስላቸው አሉ፣ የማይመለስላቸውም አሉ። በተለይ የምትወጂው ሽታ ካለ እሱን ፈልጊ።»

እትዬ ሎሚ ቆረጠች፣ ቅርንፉድ ደቆሰች፣ የጋሼን ሽቶ ሳይቀር ከጠርሙሱ አሸተተች። ምንም። አንድ ማታ ሎሚውን ወደ ጎን ገፍታ፣

«የአባባ ግቢ አበባ ትዝ ይልሻል?» አለችኝ።

ለእኔ በጭላንጭል ነው። ቅጠሉና ሥሩ የዝንጅብል ነው፤ የዝንጅብል ዘመድ ስለሆነ «የዝንጅብል አበባ» ይሉታል። አበባው ግን ነጭ ቢራቢሮዎች ተሰብስበው ግንድ ላይ ያረፉ ይመስላል። ሽታውማ! ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይነሣና በመስኮት ገብቶ ቤቱን ይሞላዋል። እናታችን «ዝጉልኝ፣ እንቅልፍ ነሳኝ» እያለች ትነጫነጭ ነበር።

«እሱን ማሽተት ካቃተኝ አፍንጫዬ ሞቷል ማለት ነው» አለች እትዬ። «ያኔ ምድጃውን ለሌላ ሰው እለቃለሁ፤ ትኬቴን እየቆረጥኩ ጡረታዬን እጠብቃለሁ።»

ጋሼ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ እኩል እኩል አድርጎ ተኛ። ጠዋት ግን ለአጎታችን ደወለ። አጎታችን ዛሬም የሚኖሩት በአባታችን የድሮ ግቢ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ከረጢት ሥር በአውቶቡስ መጣ። ደግነቱ ጋሼ ደረሰብኝ እንጂ እኔ ለሻይ ልከትፈው ቢላዋ አንስቼ ነበር!

ቤታቸው ግቢ የለውም። ስለዚህ ጋሼ ከጸጉር ቤቱ ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮው ግድግዳና በእግረኛ መንገዱ መካከል ያለችውን ጠባብ መሬት ቆፈረ። ቆፈረ ስላችሁ፣ ቆፈረ! ሥሩን እንደ ድንች ቀበረው፤ ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ፣ በመሐል ደግሞ ደንበኛ የታጠበበትን ውሃ። ጠበቅን። ሣሩ በቀለ፣ የማናውቀው አረም በቀለ፣ አበባው ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ቆፍረን ብናወጣው ሥሩ ላሽቋል፣ በእጅ ሲይዙት እንደበሰለ ሙዝ ይፈርጣል። ክርፋቱ! እኔና ጋሼ አፍንጫችንን ይዘን ሸሸን። እትዬ ግን እዚያው ቆማ፣ በጣቷ እየነካካች፣ እኛን አይታ ፈገግ አለች።

«ለካ ጥቅምም አለው» አለች።

አንጀቴን በላችው።

ለአጎታችን ደወልን።

«ምን ያህል ቀበርከው?» አሉት።

«እስከ ክርኔ ድረስ፣ አጎቴ።»

«ሬሳ ነው እንዴ? አዞ ውሃ ላይ ጀርባውን ሲያሳይ አይተህ አታውቅም? እንደዚያ ላይ ላዩን ተኝቶ ትከሻው መታየት አለበት። ውሃ ይወዳል፤ ውሃ ውስጥ መተኛት ግን አይወድም። አንተስ ታጠብ ሲሉህ ገንዳው ውስጥ ታድራለህ?»

እንዳሉት አደረገ። የላሸቀውን ቆርጦ ጣለ፤ የተረፈውን ጠንካራ ሥር ቁስሉን በአመድ አሽቶ ጥላ ሥር አደረቀው። መሬቱን በአሸዋና በበሰበሰ ቅጠል ከፍ አድርጎ ውሃው እንዲወርድ አዘጋጀና እንደ አዞው አስተኛው። ሲበቅል አያችሁ! እንደተጠቀለለ ወረቀት አረንጓዴ ሆኖ ብቅ አለ። ጋሼ ቶንዶሱን ደንበኛው ራስ ላይ እንዳለ አጥፍቶ ወጥቶ ያየው ጀመር። ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ተከትሎ ይወጣል።

ግን ችግር ብቻውን አይመጣም እንዲሉ፣ ለጋሼም ገና ብዙ ተደግሶለት ነበር። ቅጠሎቹ ጠርዛቸው ቡናማ እየሆነ እንደተለበለበ ወረቀት ተጠቀለለ። የከሰዓት ፀሐይ ቆርቆሮውን እያጋለ መልሶ ቅጠሉ ላይ ይተፋበት ኖሯል። ጋሼ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የደንበኛ አንገት ላይ የሚያስረውን ነጩን ጨርቅ በገመድ ወጥሮ አለበሰው፤ ሥሩን ደግሞ እርጥበት እንዲይዝለት በደረቅ ሣር ሸፈነለት። መንገደኛ ሁሉ፣ «ውሃ ልክ፣ ተራው የማን ነው?» ይለዋል። «የእሱ ነው፤ አንተ ቁጭ በል» ይላል ጋሼ፣ ወደ አበባው እየጠቆመ።

ቃጠሎው በረደ። ወዲያው ቅጠሉ ላይ ፈዛዛ ነጠብጣቦች ወጡ። ገልብጠን ስናየው ከጨው ቅንጣት የማትበልጥ ሸረሪት መሰል ተባይ ቀጭን ድር አድርታበታለች። ደረቅ ሙቀት ነው የሚጠራት አሉ አጎቴ። ጋሼ ጸጉር በሚያርስበት መርጫ ሳሙና የነካካው ውሃ ቅጠሉ ሆድ ላይ ይነፋል፤ ከትከሻው የማትለየውን ሰማያዊ ፎጣ ያወርድና ልክ የደንበኛ ጉንጭ እንደሚጠርግ፣ ቅጠል በቅጠል፣ በቀስታ፣ ይጠርጋል። አጎንብሶ ሲያወራቸውም ሰምቼዋለሁ፤ «ቀና በል፣ ጎበዝ» ሲል። ተባዩ ጠፋ። ፎጣዋ ግን ከትከሻው አልወረደችም።

ከዚያማ ተክሉ ሰባ። ቅጠሉ ጠቆረ፣ ወፈረ፣ መስኮቱን ጋረደ። አበባ? የለም። ወቅቱ አለፈ። ተከታዩም ወቅት አለፈ። እትዬ ከሥራ ስትመለስ በዚያ በኩል ታልፍና አንዴ ታየዋለች። ሎሚ መቁረጡንም እየተወችው መጣች። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጇ ጠርታ፣ «ምድጃው ላይ ቋሚ ሰው ልቅጠርበት ወይስ ልጠብቅሽ?» አለቻት። እትዬ፣ «ይቺን ወቅት ጠብቂኝ» ብላ መጣች። ይህን ስትነግረን ጋሼ ፎጣውን አውርዶ፣ አጣጥፎ፣ ዘርግቶ፣ እንደገና አጣጠፈው።

እኔ ተናድጄ ለአጎታችን ደወልኩ። «አጎቴ፣ ይሄ አበባ ወንድ ነው ወይ? ለምንድን ነው የማይወልደው?»

«ምን ታበሉታላችሁ?»

ጋሼን ጠየቅኩት። አቀረቀረ። ለካ ማታ ማታ ሱቁን ሲጠርግ የተቆረጠውን ጸጉር ሥሩ ላይ ይቀብር ኖሯል! የሰፈሩ ጎፈሬ በሙሉ፣ የመምህሩ ሽበት ሳይቀር፣ እዚያ ነው ያለው።

አጎቴ ሳቃቸው ስልኩን አስጮኸው። «ጸጉር ቅጠል ያሰባል እንጂ አበባ አያመጣም! ይብቃው በሉት። የእንጨት አመድ ትንሽ ይነስንስለት። ግን ይሄ ብቻ አይመስለኝም። እስቲ ፎቶ ላኩልኝ።»

ላክንላቸው። ከዚያ ደወሉ፤ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፈትነው።

«ማን ላጨው?»

«ምኑን?» አለ ጋሼ።

«አናቱን ነዋ! ሁሉም እኩል ነው። ብሩሽ ነው የሚመስለው። ማን ነው የላጨው?»

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ። አድጎ ነበራ።»

«አድጎ ነበር!»

«እንዴ፣ አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ብሎ... ትንሽ ጫፍ ጫፉን ነው ያነሳሁለት።»

«አንተ ሰው! አበባው የሚወጣው ከጫፉ ነው! እያንዳንዱ ግንድ ዕድሜውን በሙሉ ሲያድግ ከርሞ መጨረሻ ላይ አናቱ ላይ ነው የሚያብበው። አንተ ሊወልድ ሲል ራሱን እየቆረጥክ ነው! የምትቆርጠው አብቦ የጨረሰውን ነው፣ እሱንም ከሥሩ። ሌላውን አትንካ። መቀስህን ሌላ ሰፈር አስቀምጥ!»

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል። ጸጉር አስተካካይ ተክል ቢያሳድግ ምን ያደርጋል፣ ያስተካክላል! እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪወርድ። እትዬም ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ጋሼ ብቻ አልሳቀም። ወንበሩ ላይ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት፣ ቁጭ ብሎ እጁን ያይ ነበር።

«ሲወጣልሽ የነበረውን እኔ ነኝ የቆረጥኩብሽ» አላት ቀስ ብሎ።

እትዬ ወደ እሱ ሄዳ ፎጣውን ከትከሻው አቃናችለት። «አንተ እኮ ለማሳመር ነው። አሁን ደግሞ አስቀይመው፣ እስቲ እንየው» አለችው።

ያ ወቅት ለጋሼ የፈተና ወቅት ነበር። ግንዶቹ እንደልባቸው ሆኑ፤ አንዱ ከሰው ቁመት አለፈ፣ አንዱ ተንጋደደ፣ አንዱ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ወጥቶ «ጸጉር» የሚለውን ሸፍኖ «ቤት» ብቻ አስቀረ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል፤ እጁን ይበላዋል፤ ጣቶቹ ባዶ አየር ይቆርጣሉ። አላፊው አይምረውም።

«ውሃ ልክ፣ ይሄ ጎረምሳ አይስተካከልም?»

«ተወው፣ እያሳደገ ነው።»

አንድ ደንበኛማ በመስታወቱ አይቶ፣ «እዚህ ጆሮዬ ጋ አንድ ቁንጮ ቀርታለች እኮ» ቢለው፣ ጋሼ ሰውየውን ትክ ብሎ አየና፣ «ማን ያውቃል፣ ታብብ ይሆናል» አለው። ቀልዱ ሰፈሩን አዳረሰው።

ንፋስ ሲነሣ ረጅሙን ግንድ በመጥረጊያ እንጨት ደግፎ በለስላሳ ጨርቅ አሰረው። ከዕለታት አንድ ቀን በዚያው ግንድ አናት ላይ አረንጓዴ ነገር አበጠ፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ፣ ጭብጥ የሚያህል። ጋሼ ሮጦ መጣ፣ እኔ ቤት ድረስ። «እባክሽ ነይ እይልኝ። በሽታ ነው ወይስ እሱ ነው?»

እሱ ነበር! ከየቅርፊቱ መሐል ነጭ ጫፍ ወጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል፣ ነጩ ቢራቢሮ ክንፉን ዘረጋ። ሽታው... እኔ ምን ልበላችሁ፣ እናቴን አየኋት። «ዝጉልኝ» ስትል ሰማኋት።

ጋሼ የዚያን ቀን ሽቶ አልተቀባም፤ እንዳይቀላቀልባት ነው። ትልቁን የሱቁን ወንበር፣ ያንን ከባድ ብረት፣ ከመምህሩ ጋር ተሸክመው አውጥተው አበባው ሥር አቆሙት። እትዬ መጣች። አስቀመጣት፣ መደገፊያውን ወደ ኋላ አዘነበለላት፤ አበባው ከፊቷ ላይ ሆነ። ዓይኗን ጨፈነች። ሳበች። እኛ ትንፋሻችንን ያዝን። የእኛ ትንፋሽ ምን እንደሚያደርግላት እንጃ።

«ምንም» አለች።

ከተጨፈነው ዓይኗ ጎን አንዲት እንባ ወደ ጆሮዋ ወረደች። ጋሼ ወንበሩን ቀስ አድርጎ መለሰው።

«ነገም ይኖራል» አላት። «አንዱ ሲረግፍ ሌላው ይተካል ብለዋል አጎቴ።»

በማግስቱም መጣች። ምንም። ቀጥሎም ምንም። ወንበሩ መግባት መውጣቱ ስለሰለቸው ማታ ማታ ደጅ ይጠብቃት ጀመር። ትቀመጣለች፣ ትስባለች፤ የአባታችንን ግቢ ታስባለች፤ ተነሥታ ትሄዳለች። የመጀመሪያው ግንድ አበባውን እየጨረሰ መጣ። ሁለተኛው አብጧል።

ከዚያ አንድ ምሽት፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ጋሼ አጠገቧ አጎንብሶ የረገፈውን እየለቀመ፣ እትዬ ዓይኗን እንደጨፈነች ግንባሯን ቋጠረች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?» አለ ጋሼ።

«እርጥብ... የሻገተ ነገር። ሳሙናና ሻጋታ።» ዓይኗን ከፈተች። እጇን ዘርግታ ከትከሻው ላይ ያንን ሰማያዊ ፎጣ ጎትታ አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው። ፊቷ ተኮማተረ። «አንተ ሰውዬ! ይሄ ፎጣ ከታጠበ ስንት ዘመኑ ነው?»

ጋሼ የለቀመውን አበባ ሁሉ መልሶ መሬት ላይ ጣለው።

«በዚህ ነው የሰው ፊት የምትጠርገው? ኧረ አታፍርም? ይሄ እኮ ይከረፋል!»

«ይከረፋል?» አለ ጋሼ። ድምፁ ተሰበረ። «እውነት ይከረፋል?»

«አውሬ ነው የሚሸተው!»

እሱ ያ ተባይ ከመጣ ወዲህ የሰው ፊት አይጠርግበትም፣ የቅጠል ነው፤ ግን ይህን ለማስረዳት አልሞከረም። እግሯ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እሷም እየሰደበችው፣ በዚያው ፎጣ እንባዋን እየጠረገች፣ ደጋግማ ታሸተዋለች። እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ የማደርገው ጠፍቶኝ አጨበጨብኩ።

ፎጣውን አሁን ልጠብልህ ስትለው በፍጹም አላት። «ነገም ታሸቺዋለሽ። እስክትጠግቢው ድረስ አይታጠብም» ብሎ ወንበሩ ላይ ሰቀለው።

ሁለተኛው ግንድ ሲያብብ ጋሼ የመጀመሪያውን፣ የጨረሰውን፣ ከሥሩ ቆረጠው። መቀሱን ያነሳው የትኛው ግንድ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ካረጋገጠ በኋላ ነው። እትዬ ወንበሯ ላይ ነበረች፣ ፊቷ ወደ አዲሱ አበባ። ጋሼ ቆርጦ ቀና ሲል እጇን አነሳችበት፤ ዝም በል ማለቷ ነው።

«አለ» አለች። «ከሩቅ ነው። በር ዘግቶ እንደሚያወራ ሰው ነው። ግን አለ።»

ጋሼ ከመቀሱ ጋር ባለበት ቆመ። ትንሽ ቆይታ እትዬ አፍንጫዋን ወደ እሱ አዞረች።

«ዛሬ ደግሞ» አለች፣ «ያ ሲጋራ አጫሽ መምህር መጥቶ ነበር?»

«ኧረ ዛሬ አልመጣም።»

«አልመጣም?» ሳቀች። «እሺ፣ ነገ እንሞክራለን።»